ሰሪው የተወው ጠርዝ፦ ነባር ሌንሶችን በሚዲየም ፎርማት ሚረርለስ ካሜራ ላይ መግጠም

ሌንስ ወደ ካሜራ ውስጥ የሚጥለው ምስል አራት ማዕዘን አይደለም፤ ክብ ነው። አራት ማዕዘን የሚያደርገው ፊልሙ ወይም ሴንሰሩ ነው። ከክቡ መሀል የሚፈልገውን ቆርጦ ይወስዳል፣ የተረፈው ብርሃን ጥቁር ግድግዳ ላይ ወድቆ ይቀራል። ለ35 ሚሊሜትር ፊልም የተሠራ ሌንስ 36 በ24 ሚሊሜትር የሆነ ፍሬም መሸፈን አለበት፤ ይህ ፍሬም ከማዕዘን ማዕዘን ሲለካ 43.3 ሚሊሜትር ነው። ሌንሱን የነደፈው ሰው የተጨነቀው እስከዚያ ድረስ ላለው ብርሃን ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን አላረመውም፣ ዋስትናም አልሰጠበትም፤ ማንም አያየውም ብሎ ትቶታል። እኔ ደግሞ ነባር ሌንሶችን በሚዲየም ፎርማት ሚረርለስ ካሜራ (ሴንሰሩ ከ35 ሚሊሜትር ፍሬም የሚሰፋ፣ በውስጡ መስታወት የሌለው) ላይ እየገጠምኩ መሥራት ከጀመርኩ ወዲህ ልቤን የወሰደው ይኸው የተተወ ጠርዝ ነው።

ነገሩ የተቻለው በቅርቡ ነው። በፈረንጆቹ 2016 ሀሰልብላድ ኤክስ1ዲን፣ ፉጂፊልም ደግሞ ጂኤፍኤክስ 50ኤስን ይፋ አደረጉ፤ የፉጂው ካሜራ ገበያ ላይ የዋለው በ2017 ነው። ሁለቱም 43.8 በ32.9 ሚሊሜትር የሆነ ሴንሰር ይዘው መጡ። ዲጂታል ሚዲየም ፎርማት ከዚያ በፊትም ነበር፤ ነገር ግን አብዛኛው ምስሉን ወደ ዓይን ማያው የሚያንጸባርቅ መስታወት በሆዱ ይዞ ነበር። መስታወቱ ወደ ላይ የሚነሣበት ቦታ ስለሚፈልግ ሌንሱ ከሴንሰሩ ራቅ ብሎ መቀመጥ ግድ ይሆንበታል፤ በማሚያ 645 በ63.3 ሚሊሜትር፣ በሀሰልብላድ ቪ በ74.9 ሚሊሜትር ርቀት። የኒኮን ኤፍ ሌንስ ግን የተሠራው ከፊልሙ በ46.5 ሚሊሜትር ርቀት ላይ እንዲቀመጥ ነው። ማሚያው ላይ ቢገጠም ወደ 17 ሚሊሜትር ያህል ወደ ፊት ስለሚወጣ ከአፍንጫው ሥር ያለውን እንጂ ሩቁን በፎከስ መያዝ አይችልም።

መስታወቱ ሲወጣ ያ ርቀት አጠረ። በጂኤፍኤክስ 26.7 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ አዳፕተር ማለት በመሠረቱ ልዩነቱን የሚሞላ ባዶ ቱቦ ነው፤ ለካነን ኢኤፍ 17.3፣ ለኒኮን ኤፍ 19.8፣ ለሀሰልብላድ ቪ 48.2፣ ለፔንታክስ 67 ደግሞ ከ58 ሚሊሜትር ትንሽ የሚበልጥ። የላይካ ኤም ሌንስ በ27.8 ላይ ስለሚቀመጥ ለአዳፕተሩ የሚተርፈው 1.1 ሚሊሜትር ነው። እሷም በቃች፤ የላይካ አዳፕተሮች እንደ ቀለበት ስስ ሆነው ተሠሩ። ብርጭቆ የለ፣ ሌላ ነገር የለ፣ ሌንሱ የሚያየው ድሮ ያየው የነበረውን ብርሃን ነው። የተቀየረው የሚቀበለው ሴንሰር ስፋት ብቻ ነው።

የስፋቱን ነገር ቀረብ ብለን እንየው፤ ብዙ ሰው በጅምላ «አይሸፍንም» ብሎ የሚያልፈው እዚህ ላይ ነው። 43.8 በ32.9 ሴንሰር ከማዕዘን ማዕዘን 54.8 ሚሊሜትር ነው። ሰሪው ቃል ከገባው ክብ በ11.5 ሚሊሜትር ይበልጣል፤ በእያንዳንዱ ማዕዘን ስድስት ሚሊሜትር ሊሞላ ምንም ያልቀረው ማለት ነው። ነገር ግን ክቡን ሴንሰሩ ላይ ሣሉት። ከመሀል እስከ ክቡ ጠርዝ 21.65 ሚሊሜትር ነው፤ ከሴንሰሩ መሀል እስከ ግራና ቀኝ ጎኑ ደግሞ 21.9። ማለትም ለ35 ሚሊሜትር የተሠራ ማንኛውም ሌንስ የዚህን ሴንሰር ግራና ቀኝ ሊነካ ጥቂት ሲቀረው ይደርሳል፣ ከላይና ከታች አልፎ ይወጣል። ያልተከፈለበት መሬት አራቱ ማዕዘኖች ብቻ ናቸው።

እነዚያን ማዕዘኖች የትኛው ሌንስ ይሞላል? በጥቅሉ ረዘም ያለው ይሞላል። የትኩረት ርቀታቸው 85፣ 100፣ 135 ሚሊሜትር የሚሉት ብዙዎቹ በትንሽ ጥላ ወይም ያለ ምንም ጥላ ይሸፍናሉ። 50ዎቹ እንደየአመላቸው ናቸው። ዋይድ ሌንሶች በአብዛኛው አይሸፍኑም፤ ከነሱ የሚለዩት ለሺፍት የተሠሩት ናቸው። የካነን 17 እና (ሁለተኛው ሥሪት) 24 ሚሊሜትር ቲኤስ-ኢ ሌንሶች ወደ ጎን እንዲንሸራተቱ ስለታሰቡ የሚጥሉት ክብ 67 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ ሴንሰሩን ሞልተው ለመንሸራተቻም ይተርፋቸዋል። ያልጠበቁት ሌንስ ሲሸፍን ደግሞ ሌላ ደስታ ነው። የካነን 40 ሚሊሜትር ኤፍ 2.8፣ ያች ብስኩት የምታህል ሌንስ፣ ለጂኤፍኤክስ ታስባ የተሠራች እስኪመስል ድረስ ማዕዘኖቹን ትሞላለች።

የጥላውን ዓይነት መለየት ተገቢ ነው። አንዱ ጥላ የብርጭቆው ነው፤ ብርሃኑ ወደ ጠርዝ ሲሄድ በዝግታ እየደከመ ይመጣል፣ ራው ፋይሉ (ካሜራው ያላቀናበረው ጥሬ ፋይል) ላይ ብርሃኑን በማንሣት ይስተካከላል። ሌላው የብረት ጥላ ነው፤ የሌንሱ ቱቦ፣ የፊት ኮፍያው ወይም ከኋላ ያለው መከለያ ብርሃኑን የሚቆርጠው። አንዳንድ ሌንሶች በጀርባቸው አራት ማዕዘን ቅርጽ ያለው መከለያ አላቸው፤ የተሠራው 36 በ24ን አስቦ ስለሆነ ብርጭቆው ቢፈቅድ እንኳ እሱ አይፈቅድም። ሁለቱን የሚለየው አፐርቸሩ ነው፤ ብርሃን የሚያስገባው ቀዳዳ፣ የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ የሚሰፋ፣ ሲበዛ የሚጠብ። ኤፍ 2 ላይ ማዕዘኑ ለስላሳ ጠቆር ያለ ነገር ሆኖ ይታያል፤ መሀሉን የሚያጎላ፣ ለሰው ፊት የሚያምር። ኤፍ 16 ላይ ሲዘጋ ከሁለት አንዱ ይሆናል። ወይ ጥላው ጠፍቶ ማዕዘኑ እስከ ጫፉ ይገለጣል፣ ወይ ያ ለስላሳ ጥላ ተሰብስቦ በቢላ እንደተቆረጠ ጥቁር ቅስት ሆኖ ይወጣል። ቅስቱ ከታየ የክቡ መጨረሻ እዚያ ነው፣ ምንም ዓይነት ማስተካከያ አያወጣውም።

ፎከስ የተደረገበት ርቀትም ይቆጠራል። መላ አካሉን ወደ ፊት እያወጣ ፎከስ የሚያደርግ ሌንስ ቅርብ ነገር ላይ ሲያተኩር የሚጥለው ክብ ይሰፋል፤ አንድ ለአንድ በሆነ ማክሮ ላይ፣ ነገሩ በራሱ መጠን ሴንሰሩ ላይ ሲያርፍ፣ እጥፍ ይደርሳል። ተራራ ላይ ማዕዘኑን ያጠቆረ 50 ሚሊሜትር ጠረጴዛ ላይ ያለን ነገር ሲያነሣ ሙሉ ፍሬም ይሰጣል። የቆዩ የማክሮ ሌንሶችን ለዚህ ካሜራ በጣም የምወዳቸው በዚህ ምክንያት ነው፤ ጠፍጣፋ ነገርን እስከ ጠርዝ ድረስ በእኩል ጥራት ይይዛሉ፣ የአፐርቸር ቀለበት አላቸው፣ ፎከሳቸው ረጅም ዙር ስለሚዞር በጣት ስሜት ይሠራል።

አሁን ወደ ጠርዙ ልምጣ። አንድ የቆየ 85 ሚሊሜትር፣ አፐርቸሩ ወለል ብሎ የተከፈተ፣ ሰው ከዛፍ ሥር ቆሞ፣ ከጀርባው በቅጠሎች መሀል የሚያልፍ ብርሃን። በመሀል ያሉት የብርሃን ጠብታዎች ክብ ናቸው። ወደ ጎን ሲሄዱ የሎሚ ፍሬ ቅርጽ ይይዛሉ። ከ43.3ቱ ክብ ወዲያ፣ ፉል ፍሬም ካሜራ (ሴንሰሩ 36 በ24 የሆነ) ጨርሶ በማያሳየው ቦታ፣ እየቀጠኑ ጨረቃ መስለው በመሀሉ ሰው ዙሪያ ይጎነበሳሉ። ቅጠሎቹም አብረው ይለጠጣሉ፤ በአንድ አቅጣጫ ጥርት ያለው መስመር በሌላው አቅጣጫ ብዥ ይላል። በሙያው ቋንቋ ጉድለት ነው፤ አስቲግማቲዝም፣ የፎከስ ሜዳ መጎበጥ፣ የቱቦው ቆረጣ ተደምረው ነው የሚፈጥሩት። እኔ ግን የሌንሱ ጠባይ የሚታየው እዚያ ነው እላለሁ። መሀሉማ የሁሉም ሌንስ መሀል ይመሳሰላል፤ ኤፍ 5.6 ላይ የብዙ ጥሩ ሌንሶችን መሀል ቆርጣችሁ ጎን ለጎን ብታስቀምጡ የቱ የማን እንደሆነ ለመናገር ይቸግራል። ማዕዘኑን ካሳያችሁኝ ግን ሌንሱን ልለየው እችላለሁ።

ለዚህ ነው ከሚዲየም ፎርማት ፊልም የመጡ ሌንሶችን መግጠም የማያጓጓኝ፣ ምንም እንኳ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው እነሱን ቢሆንም። የፔንታክስ 67ን 105 ሚሊሜትር ኤፍ 2.4 ውሰዱ። የተወደደው በ6 በ7 ሴንቲሜትር ፊልም ላይ ነው፤ እዚያ ፍሬሙ 55 በ70 ሚሊሜትር ያህል ስለሆነ ሌንሱ ሰፋ ያለ መደበኛ እይታ ነበረው፣ በ35 ሚሊሜትር ካሜራ 50 አካባቢ የሆነ ሌንስ ከሚያሳየው ጋር የሚቀራረብ። ያ መደበኛ እይታ ከኤፍ 2.4 ጥልቀት ጋር መዋሐዱ ነው ያን መልክ የሰጠው። በጂኤፍኤክስ ላይ ግን ሴንሰሩ የሚወስደው የክቡን እምብርት ብቻ ነው፤ 105ቱ እንደ 83 ሚሊሜትር የፖርትሬት ሌንስ ይሆናል። ጥሩ ሌንስ ነው፣ ጥሩ ፎቶ ያነሣል። የ6 በ7 መልክ ግን አብሮት አልመጣም፣ ሊመጣም አይችልም፤ መልኩ የነበረው ሌንሱና ፍሬሙ ሲገናኙ ነው። «የሚዲየም ፎርማት ሌንስ ስለሆነ» ተብሎ ለከባድ ብረትና ለረጅም አዳፕተር መልፋቱ ለእኔ አይታየኝም። ከዚህ ሌንስ ቀደምት ቅጂዎች መካከል ቶሪየም ያለበት ብርጭቆ የያዙ አሉ፤ ከጊዜ ብዛት ቢጫ ይሆናሉ፣ ለአልትራቫዮሌት ብርሃን ሲጋለጡ ይጠራሉ። ዲጂታል ላይ የነጭ ሚዛን ስለሚያስተካክለው ብዙም አያስጨንቅም።

ከዚህ ነቀፌታ የማወጣው አንድ ነገር አለ፤ በውስጡ ብርጭቆ ያለው ምስሉን የሚያሳንስ አዳፕተር። ክቡን በ0.7 ያጠበዋል፣ ብርሃኑንም በአንድ ስቶፕ፣ ማለትም እጥፍ፣ ያደምቀዋል። የ6 በ6 ፍሬም በተግባር 56 በ56 ሚሊሜትር ስለሆነ ከማዕዘን ማዕዘን 79 ሚሊሜትር ነው፤ በ0.7 ሲባዛ 55.4 ይሆናል። ሴንሰሩ 54.8 ነው! ስለዚህ የሀሰልብላድ 80 ሚሊሜትር ኤፍ 2.8 ወደ 56 ሚሊሜትር ኤፍ 2 ተለውጦ ድሮ ፊልሙ ላይ ይጥለው የነበረውን ክብ ከነጠርዙ ሴንሰሩ ላይ ያሳርፋል። እዚህ ላይ ሌንሱ በእውነት ተላምዷል ማለት ይቻላል። የሚከፈለው ዋጋ ተጨማሪ ብርጭቆ በመሀል መግባቱ ነው፤ ያም ብርጭቆ የራሱን ጠባይ ይጨምራል።

ስለ አዳፕተሩ ጥራት ሳላወራ ማለፍ አልችልም፤ ሰዎች ለሌንሱ ብዙ ተጨንቀው ለቱቦው የሚሰስቱት ነገር ያሳዝነኛል። የጂኤፍኤክስ መግጠሚያ 65 ሚሊሜትር ስፋት አለው። አዳፕተሩ በአንድ በኩል በ0.05 ሚሊሜትር ብቻ ወፍሮ ቢሠራ፣ የአንድ ወረቀት ግማሽ ያህል ማለት ነው፣ የሴንሰሩ ግራና ቀኝ ጎኖች ከትክክለኛው የፎከስ ቦታ እያንዳንዳቸው ወደ 17 ማይክሮን ይርቃሉ። የ50 ሜጋፒክስሉ ሴንሰር አንድ ፒክስል 5.3 ማይክሮን ስለሆነ ኤፍ 2 ላይ የሚፈቀደው ስሕተት ወደየአቅጣጫው 10.6 ማይክሮን ብቻ ነው። ግራው ጥርት ሲል ቀኙ ይደበዝዛል። ኤፍ 8 ላይ የሚፈቀደው 42 ማይክሮን ስለሚደርስ ነገሩ ይሸፈናል፤ ለዚህም ነው ብዙ ሰው ሌንሱን ሲያማ አዳፕተሩን የማይጠረጥረው። በ102 ሜጋፒክስል ካሜራዎች ፒክስሉ 3.76 ማይክሮን ስለሆነ ምሕረቱ ያንሳል።

ለማወቅ ቀላል መንገድ አለ። ሩቅ ያለ ዝርዝር የሞላበት ነገር አፐርቸሩን ከፍቶ ማንሣት፣ ከዚያ ካሜራውን ገልብጦ ያንኑ መድገም። ብዥታው ከካሜራው ጋር አብሮ ከተገለበጠ ችግሩ ከመሣሪያው ነው። ሌላ ሌንስ በዚያው አዳፕተር ላይ ሲገጠምም ብዥታው በዚያው በኩል ከታየ ጥፋቱ የአዳፕተሩ ወይም የካሜራው መግጠሚያ ነው፣ ሌንሱ ነፃ ነው። ብዙ አዳፕተሮች ሌንሱ ኢንፊኒቲ (የመጨረሻው ሩቅ ፎከስ) ሳይደርስ እንዳይቀር በማሰብ ሆን ተብሎ ትንሽ አጠር ተደርገው ይሠራሉ። ለተራ ሌንስ ግድ የለም። በውስጣቸው እርስ በርስ የሚንሸራተቱ ብርጭቆዎች ያሏቸው ሌንሶች ግን እርማታቸው የተሰላው ለትክክለኛው ርቀት ስለሆነ ጠርዛቸው ይጎዳል። ጠርዙ ለሚያሳስበው ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

የቱቦው ውስጥም አለ። ሌንሱን ከነአዳፕተሩ ከካሜራው አውጥታችሁ ወደ መስኮት አዙሩትና ከኋላ በኩል፣ ሰያፍ አድርጋችሁ እዩት። ግድግዳው ላይ የሚያበራ ቀለበት ከታየ ያ ብርሃን ፎቶው ላይ ጥቁሩን ግራጫ እያደረገ ነው። ጥቁር ቀለም የተቀባ ብረት ፊት ለፊት ሲታይ ጥቁር ነው፤ ብርሃን ጎኑን ታክኮ ሲመጣ ግን እንደ ውሃ ያንጸባርቃል። ሰፊ ክብ የሚጥል ሌንስና ረጅም ቱቦ ሲገናኙ ይባሱን ይብሳል፤ ሴንሰሩ ያልወሰደው ብርሃን ሁሉ ቱቦው ውስጥ ነው የሚያርፈው። ውስጡን በጥቁር ከፋይ ጨርቅ መለበጥ ይህን ያጠፋዋል። ሳስበው፣ በሌንስ ላይ ከሚወጣው ገንዘብ ሁሉ የዚህችን ቁራጭ ጨርቅ ያህል ለውጥ የሚያመጣ ጥቂት ነው።

ካሜራው ላይ የሚስተካከለው ጥቂት ነው። ፉጂው የማያውቀው ሌንስ ሲገጠም ሌንስ እንደሌለው ስለሚቆጥረው ያለ ሌንስ እንዲያነሣ በሜኑው ፈቃድ መስጠት ያስፈልጋል። ከ2019ኙ ጂኤፍኤክስ 100 ጀምሮ ሴንሰር ማረጋጊያ ያላቸው ካሜራዎች ደግሞ የሌንሱን የትኩረት ርቀት በቁጥር መንገር ይፈልጋሉ፤ 50 ተብሎ የተጻፈበት ላይ 135 ገጥሞ መሥራት ማረጋጊያውን ማሳሳት ነው። የካነን ኢኤፍ ሌንሶች የአፐርቸር ቀለበት ስለሌላቸው ኤሌክትሮኒክ አዳፕተር ግድ ነው። ያቺ 40 ሚሊሜትርማ የፎከስ ቀለበቷም ያለ ኤሌክትሪክ ብርጭቆውን አያንቀሳቅሰውም። ለፎከስ ጠርዙን በቀለም የሚያሳየውን መንገድ ለሩቅ ነገርና ለተዘጋ አፐርቸር እጠቀምበታለሁ፤ ለሰው ዓይን ግን ምስሉን አጉልቶ ማየት ብቻ ነው የማምነው፣ ቀለሙ ሽፋሽፍቱንና የዓይን ብሌኑን አይለይም።

የሀሰልብላዱ ኤክስ1ዲ ሌላ ዓለም ነው። ሻተሩ፣ ብርሃኑን የሚከፍትና የሚዘጋው ክፍል፣ ያለው በራሱ ሌንሶች ውስጥ እንጂ በካሜራው አካል ውስጥ አይደለም። ነባር ሌንስ ሲገጠምለት የሚቀረው ኤሌክትሮኒክ ሻተር ነው፤ ሴንሰሩን ከላይ እስከ ታች አንብቦ ለመጨረስ ሩብ ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። የሚሄድ ሰው ይንጋደዳል፣ ፍላሽ አይታሰብም። ለቆመ ነገርና ለትራይፖድ ውብ ካሜራ ነው፤ በነባር ሌንስ ሰውን ለማንሣት ግን በአካሉ ውስጥ ሻተር ያለውን ፉጂ እመርጣለሁ።

ሌንሱ ሳይሸፍን ሲቀርስ? ፉጂው 36 በ24 ብቻ የሚወስድ አማራጭ አለው፤ በ50 ሜጋፒክስሉ ላይ ወደ 30 ሜጋፒክስል ያህል ይተርፋል። እኔ ወደዚያ አልሄድም፤ ለዚያማ ፉል ፍሬም ካሜራ ነበረ። የምሄደው ወደ ካሬ ነው። 32.9 በ32.9 የሆነ ካሬ ከማዕዘን ማዕዘን 46.5 ሚሊሜትር ነው፤ ሰሪው ቃል ከገባው 43.3 የሚበልጠው በማዕዘን 1.6 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ከሁሉም ግትር ከሆኑት በቀር እያንዳንዱ 50 ሚሊሜትር፣ አልፎ አልፎም 35 ሚሊሜትር፣ ይህን ካሬ ይሞላል። የ65 ለ24 ምጣኔ ያለው ረጅሙ ፓኖራማም ተመሳሳይ ነው፤ ሙሉውን 43.8 ወርድ ወስዶ 16 ሚሊሜትር ያህል ከፍታ ስለሚይዝ ከማዕዘን ማዕዘን 46.7 ነው። ሁለቱም ቅርጾች ካሜራው ውስጥ አሉ፣ ራው ፋይሉም ሙሉውን ፍሬም ይዞ ይቀመጣል። ክብ ለሚጥል ሌንስ ካሬ ከ3 በ2 ይልቅ የሚስማማ ቅርጽ ነው፤ ከክቡ የሚያባክነው ያነሰ ነው።

ለላይካ ዋይድ ሌንሶች ግን ካሬውም አያድናቸውም። የኋላ ብርጭቋቸው ወደ ፊልሙ ተጠግቶ የተሠራ ስለሆነ ብርሃኑ ሴንሰሩ ጠርዝ ላይ በጣም ተጋድሞ ያርፋል። ፊልም ይህን ይቀበላል፤ በሴንሰሩ ፊት ያለው ሽፋን ብርጭቆ ግን ያጣምመዋል፣ ማዕዘኑ ይደበዝዛል፣ ወደ አንድ ቀለምም ያዘነብላል። ይሄ ጠባይ ሳይሆን ጉዳት ነው፤ ሌንሱ ያልሠራውን የሚጨምር ነው። 50ና ከዚያ በላይ ያሉት የላይካ ሌንሶች ላይ ይህ ብዙም አይታይም።

አሁን በጣም የያዘኝ የኢንላርጀር ሌንስ ነው፤ በጨለማ ክፍል ፊልምን ወረቀት ላይ ለማተም የሚያገለግለው። ለ6 በ6 ፊልም የተሠራ 80 ሚሊሜትር የኢንላርጀር ሌንስ ይህን ሴንሰር ከነትርፉ ይሸፍናል። የራሱ ፎከስ ስለሌለው የሚዘረጋና የሚሰበሰብ ሄሊኮይድ ያስፈልገዋል፤ 80 ሚሊሜትር ስለሆነ ከ26.7 በኋላ ለዚያ የሚበቃ ቦታ አለ። የተሠራው ቅርብ ላለ ጠፍጣፋ ነገር ነው፣ ማዕዘኑ ከመሀሉ እኩል እንዲሆን ነው የተደከመበት። ከአዛውንቱ 85 ጋር ፍጹም ተቃራኒ ነው፣ ሁለቱንም ግን እፈልጋቸዋለሁ።

ለመጀመር ለሚያስብ ሰው የምመክረው የአፐርቸር ቀለበት ያለው 85 ወይም የ100 ሚሊሜትር ማክሮ፣ ከሌንሱ ባላነሰ ጥንቃቄ የተመረጠ አዳፕተር ነው። ኮፍያውንና ፊልተሩን አውጡ፣ ኢንፊኒቲ ላይ አድርጉት፣ ደመናማ ሰማይ ወይም ነጭ ግድግዳ ከሰፊው አፐርቸር ጀምራችሁ እስከ ኤፍ 16 እየዘጋችሁ አንሡ። ጥላው እየሳሳ ከሄደ ሙሉውን ፍሬም ተጠቀሙበት። እየጠነከረ ጥቁር ቅስት ከሆነ ካሜራውን ካሬው (1 ለ 1) ላይ አድርጉና እንደገና አንሡት።